የመታጠቢያ ቤት ወለል ተነቅሎ የበሰበሰ ጆይስት (ወለሉን የሚሸከም አግዳሚ እንጨት) ተገኘ፤ ምን ያህሉ ይቆረጥ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_68
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1968። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት 5 በ8 ጫማ ነው። ለእድሳት ታይሉ ዛሬ ተነቀለ። ከስሩ ያለው ወለል ድርብ ነው፤ ከታች ባለ 1/2 ኢንች ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ ባለ 5/8 ኢንች ፓርቲክል ቦርድ (የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ)። በሽንት ቤት መቀመጫው ዙሪያ ጠቁሯል፤ ፓርቲክል ቦርዱ በእጅ ይፈረፈራል፤ ካቻቢቴ ሲወጋበት ሰተት ብሎ ይገባል። ከስሩ የሚታየው ጆይስት 2 በ8 ኢንች የሚባለው ነው፤ የላይኛው ጠርዙ ለስልሷል። ጆይስቶቹ በየ16 ኢንቹ ነው የተደረደሩት።
ኮንትራክተሩ «ላዩን ባለ 3/4 ኮምፔንሳቶ መትተንበት ነገ ታይል እንጀምራለን፤ ከደረቀ ምንም አይሆንም» ይላል። ልክ ነው? ካልሆነ የቱ ድረስ ነው የሚቆረጠው? ጆይስቱ ይቀየራል ወይስ ይጠገናል? በረኪና ይረጭበት የሚሉም አሉ።

አናጺ_በሜሪላንድ
እህቴ፣ በመጀመሪያ ሥራውን አስቁሚ። በበሰበሰ ወለል ላይ አዲስ ጣውላ ሲመታ ብሎኑ የሚነክሰው ነገር የለውም። ለጊዜው ጠንካራ ይመስላል፤ ሰው ሲመላለስበት ግን ይረግባል፣ ግራውቱ (የታይሎቹ መሃል መሙያ) ይሰነጠቃል፣ ውኃው እንደገና ይገባል። ያኔ የሚነቀለው አዲሱ ታይል ነው።
እንጨቱን የሚበላው ፈንገስ ነው። ሥራውን የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት 28 ወይም 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ማደጉን ያቆማል፤ አይሞትም ግን። ውኃ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። «ከደረቀ ምንም አይሆንም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ የበሰበሰው እንጨት ቢደርቅም ጥንካሬው አይመለስም።
ድንበሩን ለማወቅ ፓርቲክል ቦርዱ በሙሉ ከክፍሉ ይውጣ፤ አንድ ጊዜ ውኃ የጠጣ ፓርቲክል ቦርድ ቢደርቅም እንዳበጠ ይቀራል። ከዚያ ወስፌ ወይም ሹል ካቻቢቴ ይዛችሁ የታችኛውን ኮምፔንሳቶና የእያንዳንዱን ጆይስት ጠርዝ በየ2 ኢንቹ ውጉ። ጆይስት ላይ ሹሉን በሰያፍ ሰክታችሁ ወደ ላይ ፈንቅሉ። ጤነኛ እንጨት ቀጭ ብሎ ረዥም ስንጥር ያወጣል። የታመመው ድምፅ ሳያሰማ፣ ከተወጋበት ላይ አጭር ሆኖ ይሰበራል። ይህ ምልክት ዓይን ከሚያየው ጥቁረት ቀድሞ ነው የሚገኘው፤ ቀለሙ ገና ያልተለወጠ እንጨት ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ኖሮበት ስንጥሩ ረዥም የሚወጣ እንጨት አለ፤ እሱ ሻጋታ ብቻ ነው፣ ይጠረጋል እንጂ አይቆረጥም።
ሁለት እሾህ ያለው የእርጥበት መለኪያ ግዢ። እሾሁን በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ሰክተሽ ከመቀመጫው ዙሪያ፣ ከባኞው ጥግና ደረቅ ከሆነ ሌላ ክፍል ለኪና ቁጥሩን እዚህ ጻፊልን።

የቧንቧ_ሰው
አናጺው ስለ እንጨቱ የጻፈው ትክክል ነው። ከመጋዙ በፊት ግን ውኃው ከየት እንደመጣ ይታወቅ። ምንጩ ሳይዘጋ የተቀየረ እንጨት እንደገና ይበሰብሳል። ሦስት ዓይነት ምንጭ አለ፤ ለየብቻ ነው የሚፈተሹት።
አንደኛው በግፊት የሚመጣው ውኃ ነው። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጉና የውኃ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ጠቋሚ ተመልከቱ። ማንም ሳይጠቀም የምትዞር ከሆነ ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ መስመር አለ ማለት ነው።
ሁለተኛው ፍሳሹ ነው። ባኞውን እስከ ላይኛው የትርፍ ውኃ መፍሰሻ ቀዳዳ ድረስ ሙሉት፤ በምግብ ቀለም አቅልሙት፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቁት። አንድ ሰው ከታች በተከፈተው በኩል በባትሪ ይመልከት። ባኞው ሞልቶ ቆሞ ሳለ ካልፈሰሰና ሲለቀቅ ከፈሰሰ ችግሩ ከማስወገጃው ጫማ (ከባኞው ቀዳዳ ሥር ካለው ክርን) ወይም ከትራፑ (ውኃ ከሚቋጥረው የታጠፈ ቧንቧ) ነው።
ሦስተኛው ሻወር ሲወሰድ ብቻ የሚመጣው ነው። የሻወሩን ራስ ፈትታችሁ ውኃውን በጎማ በቀጥታ ወደ ማስወገጃው ልቀቁ። በዚህ ጊዜ ሳያፈስ ቆይቶ ግድግዳው ላይ ሲረጭበት ካፈሰሰ፣ ውኃው የሚገባው በታይሉና በባኞው ጠርዝ በኩል ነው።
መቀመጫው ሥር ያለው ግን ዘጠኝ እጅ የፍላንጁ (መቀመጫውን ከፍሳሽ ቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ቀለበት) ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን ቤቶች ፍላንጁ የተገጠመው በመጀመሪያው ወለል ልክ ነው። በኋላ በላዩ ሌላ ወለል ሲደረብ ፍላንጁ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ ዋክስ ሪንጉ (በመቀመጫውና በፍላንጁ መሃል የሚገባው የሰም ቀለበት) አይደርስም፤ በታጠበ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይሾልካል። እስቲ የፍላንጁ ጠርዝ ከድሮው ታይል ላይ በላይ ነበር ወይስ በታች?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_68
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቆጣሪው አይንቀሳቀስም። የባኞው ፍሳሽ አያፈስም። ፍላንጁ ከድሮው ታይል 1/2 ኢንች ያህል ወደ ታች ነው፤ ከዚህ በፊት የገጠሙት ሰዎች ሁለት ዋክስ ሪንግ ደርበውበት ነበር።
መለኪያው መቀመጫው ዙሪያ 31 በመቶ፣ ባኞው ጥግ 24፣ መኝታ ቤት ወለል ሥር 10 ያሳያል። መቀመጫው ሥር ያለው ጆይስት ላዩ 1 ኢንች ጥልቀት፣ 14 ኢንች ርዝመት በልቷል። ከባድ የመሰለኝ ሌላኛው ነው፤ ከባኞው ጥግ ሥር ያለው ጆይስት የውጪው ግድግዳ ላይ የሚያርፍበት ጫፉ 8 ኢንች ያህል ለስላሳ ሆኗል።

የቧንቧ_ሰው
መልሱ ይኸው ተገኘ። ሁለት ሪንግ መደረብ ጥገና አይደለም፤ መቀመጫው በትንሹ ሲነቃነቅ መጋጠሚያው ይንሸራተታል። ባኞው ጥግ ያለው ደግሞ ከሻወሩ የሚወርደው ነው።

አናጺ_በሜሪላንድ
እንግዲህ ሁለቱ ጆይስቶች የተለያየ ሕክምና ነው የሚፈልጉት።
የመጀመሪያው ጫፎቹ ጤነኛ ስለሆኑ መንታ ይበቃዋል። የለሰለሰው በመሮና በመጋዝ ጤነኛው እስኪገኝ ይጸዳል። ከዚያ በጎኑ አዲስ 2 በ8 ይለጠፍበታል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሙሉ ርዝመት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተቻለ ከተጎዳው ቦታ በሁለቱም ወገን ቢያንስ 3 ጫማ ይለፍ። ፖሊዩረቴን የግንባታ ሙጫ በመሃላቸው ይቀባና በስትራክቸራል (ሸክም በሚችል) ብሎን ይያያዛሉ፤ በየ12 ኢንቹ ሁለት ሁለት፣ አንዱ ወደ ላይኛው ጠርዝ፣ አንዱ ወደ ታችኛው። በምስማር አታስመቱ። የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) የተሰቀለው በእነዚሁ ጆይስቶች ላይ ነው፤ መዶሻው ሲያንቀጠቅጠው የድራይዎሉ ብሎኖች አንድ በአንድ ይወጣሉ።
አዲሱ ጣውላ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ኮርኒሱ ከታች፣ ግድግዳው ከዳር ይይዘዋል። የሁለቱም ጫፎች አንድ አንድ ማዕዘን በሰያፍ ይቆረጥና ጠፍጣፋውን አስተኝቶ ካስገቡት በኋላ ነው የሚቆመው። መጀመሪያ ጣውላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን ተመልክታችሁ የጎበጠበት ወገን ወደ ላይ እንዲሆን አድርጉ።
ሁለተኛው ሌላ ነገር ነው። ጫፉ የበሰበሰ ጆይስት ሸክሙን የሚያወርድበት ቦታ የለውም፤ መንታ ለጥፎ በአየር ላይ መተው ዋጋ የለውም። አዲሱ ጣውላ ራሱ ግድግዳው ላይ ማረፍ አለበት፤ እንጨት ላይ ሲያርፍ ቢያንስ 1 1/2 ኢንች፣ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ላይ ሲያርፍ 3 ኢንች። የድሮው ጫፍ ከታየው ብስባሽ 2 ጫማ አልፎ ይቆረጥ፤ ፈንገሱ በቃጫው አቅጣጫ ከሚታየው ርቆ ይሄዳልና። እዚያው ሳላችሁ ጆይስቶቹን ከዳር የሚዘጋውን ሪም ጆይስትና ከስር ያለውን የግድግዳ ጣውላ ውጉ። እነሱም ለስላሳ ከሆኑ ግድግዳው ራሱ ተንጠልጥሏል ማለት ስለሆነ ሥራው የመሐንዲስ ይሆናል።
ጫፉ ከመቆረጡ በፊት ድጋፍ ይቁም። ከታችኛው ፎቅ 4 በ4 ቋሚ፣ ከሥሩ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር ሸክሙን የሚያሰፋ 2 በ10 ጣውላ። ቋሚው የሚያርፍበት ወለልም ከቤዝመንት ይደገፍ። የረገበውን ለማንሳት በቀን ከ1/8 ኢንች በላይ አትሂዱ፤ ከዚያ ካለፈ የግድግዳው ድራይዎል መሰንጠቅ ይጀምራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባኞው ባዶ ይሁን። 40 ጋሎን ውኃ የያዘ ባኞ የውኃው ክብደት ብቻ 330 ፓውንድ ይበልጣል፤ ከባድ የብረት (ካስት አይረን) ባኞ ከሆነ ራሱ ሌላ 300 ገደማ ይጨምራል።

ሁሉን_በእጄ
ለ14 ኢንች ብስባሽ ይህ ሁሉ በዛ። በረኪና ረጭቶ ሲደርቅ የእንጨት ማጠንከሪያ ኢፖክሲ አፍስሶ መዝጋት ይቻላል። ለመስኮት ደፍ በትክክል ይሠራል።

አናጺ_በሜሪላንድ
ወንድሜ፣ ለመስኮት ደፍ ልክ ነህ፤ ደፉ ምንም አይሸከምም። ጆይስት ግን ሲታጠፍ የላይኛው ጠርዝ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል፤ ጠርዙ ዋናው ጉልበቱ ነው። በኢፖክሲ የተሞላ ቦታ ብሎን ቢይዝም የጆይስቱን ጥንካሬ መልሷል ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ አታገኝም። ሸክም የማይነካው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በር ደፍ ላይ፣ ኢፖክሲውን እኔም እመክራለሁ።
በረኪናው ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ክሎሪኑ ላዩ ላይ ቀርቶ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ላዩ ነጣ፣ ውስጡ ረጠበ ማለት ነው። ከአሞኒያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ጋዙ ሳንባ ይጎዳል።
የሚሠራው ቦሬት (የቦሮን ጨው) ነው። ቲም ቦር የሚባለው ዱቄት 1 ፓውንዱ በ1 ጋሎን ሞቅ ያለ ውኃ ሲሟሟ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። በጤነኛው ጆይስትና በተቆረጠው አፍ ላይ በፓምፕ ይረጫል፤ መጀመሪያው ከሰረገ በኋላ ሁለተኛ ዙር። እንጨቱ ውስጥ ጨው ሆኖ ይቀመጣል፤ ፈንገሱንም ምስጡንም ይከላከላል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቦሬት በሚፈስ ውኃ ታጥቦ ይወጣልና ፍሳሹ ሳይቆም መርጨት ከንቱ ነው። ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚቀረው ነጭ ብናኝ ደግሞ ሙጫ አያስይዝም፤ ከማጣበቃችሁ በፊት በብሩሽ አራግፉት።

ቤት_መርማሪ
እኔ ደግሞ ስለ ሕጉና ስለ ደኅንነቱ ልጨምር።
የቤቱ ዕድሜ ሁለት ነገር ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ ቀለሙ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። በክፍያ የሚሠራ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ከ6 ስኩዌር ጫማ በላይ ቀለም የተቀባ ገጽ የሚያውክ ከሆነ በፌዴራሉ ደንብ በእርሳስ ሥራ የተመሰከረለት ድርጅት መሆን አለበት። ከታይሉ ሥር የቆየ ቪኒል ወይም ጥቁር ማጣበቂያ ካለ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ክር) ያለበት ሊሆን ይችላል፤ አይፋቅ፣ አይፈጭ። ቁራጩን በውኃ አርጥቦ በከረጢት ላብራቶሪ መላክ ብዙ ዋጋ የለውም።
ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የግንባታው ፈቃድ ከካውንቲው የፈቃድ መምሪያ ነው፤ የቧንቧው ግን ከደብሊው ኤስ ኤስ ሲ (ከአካባቢው የውኃና ፍሳሽ ድርጅት) ነው፤ በጎረቤቱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲም እንደዚሁ። ፍላንጅና ማስወገጃ ቧንቧ ሲቀየር ፈቃድ ያለው የቧንቧ ባለሙያ ያስፈልጋል። ጆይስት ሲነካ ከመዘጋቱ በፊት መርማሪው እንዲያየው ክፍት ይቆይ።
ኮንትራክተሩ የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ቁጥሩን ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ቅድሚያ ክፍያም ከውሉ ዋጋ አንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይችልም። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ፣ እንደ አሁኑ ጆይስት ዓይነቱ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ በተፈረመ ማሻሻያ ይሁን፤ የጣውላው መጠን፣ የብሎኑ ዓይነትና ርቀቱ ሳይቀር ይጻፍበት።
ሌላው የማየው ጉዳት በቧንቧ ሠራተኛ መጋዝ የሚመጣው ነው። በ2 በ8 ጆይስት እውነተኛው ቁመት 7 1/4 ኢንች ነው። የሚፈቀደው ቀዳዳ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 2 3/8 ኢንች ገደማ ነው፤ ያውም ከላይም ከታችም ጠርዝ 2 ኢንች ርቆ። 3 ኢንች የሚባለው የፍሳሽ ቧንቧ የውጪ ስፋቱ 3 1/2 ኢንች ስለሆነ በ2 በ8 ውስጥ በምንም መንገድ አያልፍም፤ በ2 በ10ም አያልፍም። መስመሩ በጆይስቶቹ ትይዩ ይሂድ። ጠርዝ ላይ የሚቆረጥ እርከን ደግሞ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ እንዳይበልጥ፤ መካከለኛው ሲሶ ላይ ጨርሶ አይፈቀድም። የድሮ ቤቶችን የባኞ ትራፕ ሥር ብትመለከቱ ግማሹ የተቆረጠ ጆይስት ታገኛላችሁ፤ ወለሉ ሲከፈት ይህንንም ፈትሹ።

አሌክሳንድሪያ_ኮንዶ
ይቅርታ በመሃል ልግባ። የቤት ኢንሹራንስ ይህን ይከፍላል?

ቤት_መርማሪ
እህቴ፣ አብዛኞቹ ፖሊሲዎች ድንገት የፈነዳ ቧንቧን ይሸፍናሉ፤ ለወራት ጥቂት በጥቂት የሾለከንና ብስባሽን ግን በግልጽ ያስወጣሉ። ቢሆንም ምንም ነገር ሳይጣል ፎቶ አንሺ፤ ሜትር ዘርግተሽ፣ የእርጥበት መለኪያው ቁጥር እንዲታይ አድርገሽ፣ የተቆረጠውንም ቁራጭ አስቀምጪ። ኮንዶ ከሆነ ጆይስቱ የማኅበሩ የጋራ ንብረት ሊሆን ስለሚችል ከመነካቱ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን አንብቢና ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቂ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_68
ሪም ጆይስቱና የግድግዳው ጣውላ ጠንካራ ናቸው፤ ስንጥሩ ረዥም ነው የሚወጣው። ሌላ ሠራተኛ ይዘናል፤ መንታዎቹ በተባለው መሠረት ገብተዋል፣ ድጋፉም ቆሟል። አሁን ሲዘጋ እንዴት ይሁን? ደግሞስ አዲሱ እንጨት ሁሉ አረንጓዴው፣ መድኃኒት የተነከረው ቢሆን አይሻልም?

አናጺ_በሜሪላንድ
መድኃኒት የተነከረው እንጨት ቦታው ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ የሚነካበት ነው። ብዙ ጊዜ ከመጋዘን እርጥብ ሆኖ ስለሚመጣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይጠማዘዛል፤ ታይል ሥር ያ አይፈለግም። መዳብ ስላለበትም ተራ ብሎን ይበላል፤ ጋልቫናይዝድ ወይም የማይዝግ ብሎን ይሻል። እዚህ ተራ ደረቅ ጣውላ ይበቃል፤ ውኃው መግባቱን ካቆመ አይበሰብስም።
ለመዝጋት አትቸኩሉ። ዲሂሚዲፋየር (የአየር እርጥበት መሳቢያ) እና ማራገቢያ ቀን ከሌት ይሥራ፤ ጆይስቶቹ ከ15 በመቶ በታች ይውረዱ፣ ከመኝታ ቤቱ ቁጥርም ብዙ አይራቁ። እንደ እርጥበቱ መጠን ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እርጥብ ሳለ የተዘጋ እንጨት በላይ በታይል፣ በታች በኮርኒስ ታፍኖ መተንፈሻ አያገኝም።
ወለሉ 40 ስኩዌር ጫማ ብቻ ስለሆነ ከመጣፍ ሙሉውን መቀየር ይቀላል፤ የታችኛው ድርብ ባለ 3/4 ቢጣፍ ከቀረው ባለ 1/2 ጋር እኩል አይሆንም። የድሮው በግድግዳው ጥግ ይቆረጥ። የግድግዳዎቹ የታች ጣውላ በድሮው ወለል ላይ ስለቆመ ከሥሩ ያለውን አትጎትቱ። በተቆረጠው ጠርዝ ዙሪያ በጆይስቶች መሃል 2 በ8 ድልድይ (አጭር ማገናኛ እንጨት) ይገባል፤ በፍላንጁ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በባኞው ፊት ጠርዝ ሥር እንደዚሁ። ድጋፍ የሌለው አንድም ጠርዝ አይቅር።
በላዩ ምላስና ጎድጓድ ያለው ባለ 3/4 ኮምፔንሳቶ፣ የላዩ ቃጫ ጆይስቶቹን አቋርጦ። አንድ ሉህ 32 ስኩዌር ጫማ ስለሆነ ሁለት ሉህ ይበቃል። በሉሆቹ መሃል 1/8 ኢንች ክፍተት ተዉ፤ በየጆይስቱ ራስ 1/4 ኢንች ወፍራም የሙጫ መስመር ቀቡ። ባለ 28 አውንስ አንድ ቱቦ ለወለሉ ይተርፈዋል። ባለ 2 1/2 ኢንች ብሎን ጠርዝ ላይ በየ6 ኢንቹ፣ መሃል ላይ በየ8ቱ። በላዩ ባለ 3/8 ኮምፔንሳቶ ይደረባል። 3/4 እና 3/8 ሲደመር 1 1/8 ነው፤ የድሮው 1/2 እና 5/8 ድምርም ያው ስለሆነ በሩ ጋ እኩል ይመጣል። የላይኛው ድርብ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ላይ አይውደቅ፤ ብሎኖቹም ከታችኛው ሉህ ጋር ብቻ ያያይዙት እንጂ ጆይስት ውስጥ አይግቡ። ጆይስቱ ሲንቀሳቀስ ታይሉን እንዳይጎትት ነው።

ታይል_አንጣፊ
ከዚህ በላይ ያለው የእኔ ድርሻ ነው። ወለሉ ለሴራሚክ ታይል በሸክም ሲረግብ ከርዝመቱ 1/360 እንዳያልፍ ይፈለጋል፤ ለእምነ በረድና ለሌላ የተፈጥሮ ድንጋይ 1/720። ባለ 2 በ8 ጆይስት ያለው ክፍል ላይ እምነ በረድ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ርዝመቱን አስልታችሁ ነው።
በኮምፔንሳቶው ላይ ሲሚንቶ ቦርድ ወይም እንደ ዲትራ ያለ ከታይል ሥር የሚገባ የፕላስቲክ ሽፋን ይነጠፋል። ብዙ ሰው ሲሚንቶ ቦርዱን በብሎን ብቻ ያስራል፤ ከሥሩ ቲንሴት (የታይል ማጣበቂያ ሲሚንቶ) ካልተቀባ ባዶ አየር ይቀራል፤ ታይሉ ሲረገጥ ያንኳኳል። ሲሚንቶ ቦርድ ወለሉን አያጠነክርም፣ ውኃም አያግድም፤ ውኃ አይጎዳውም እንጂ ያሳልፈዋል። ግራውትም ውኃ ያሳልፋል።
ባኞው ጥግ ያለውን ጆይስት ያበሰበሰው ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ቤቶች ታይሉ የተለጠፈው በተራ ወይም በአረንጓዴ ድራይዎል ላይ ነው። ግድግዳው እስከ ቋሚዎቹ ይነቀል፤ ቋሚዎቹና የታች ጣውላቸው እንደ ጆይስቱ ይወጉ። ከዚያ ባለ 1/2 ኢንች ሲሚንቶ ቦርድ ይመታል፤ የታች ጠርዙ ከባኞው ከንፈር 1/4 ኢንች ከፍ ይበል፤ ከንፈሩ ላይ የተቀመጠ ቦርድ እንደ ፋኖስ ክር ውኃ ወደ ላይ ይስባል። መጋጠሚያዎቹ አልካሊ በሚቋቋም መረብ በቲንሴት ይሞሉ፤ በላዩ ሬድጋርድ (ውኃ የሚያግድ ቅብ) ሁለት ዙር ይቀባ። ሲቀባ ሮዝ ነው፤ ሙሉ ቀይ ሳይሆን ሁለተኛው ዙር አይቀባም። ከቦርዱ ጀርባ ፕላስቲክ ካለ ደግሞ ላዩን ሬድጋርድ አትቀቡ፤ በሁለት መከለያ መሃል የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል። ከሁለት አንዱን ምረጡ።
ግድግዳ ከግድግዳ፣ ግድግዳ ከባኞ የሚገናኝበት መስመር በግራውት ሳይሆን በሲሊኮን ይሞላ። ሲሊኮኑ የሚሞላው ባኞው ውኃ ሞልቶ ሳለ ነው፤ ባኞው በክብደት ዝቅ ብሎ መስመሩ በሰፊው ከተሞላ በኋላ አይቀደድም።

ሁሉን_በእጄ
ባኞው ወጥቶ ሻወር ብቻ ቢሠራስ?

ታይል_አንጣፊ
ያኔ ወለሉ ወደ ማስወገጃው በእያንዳንዱ ጫማ 1/4 ኢንች ይዘቀዝቅ። ውኃ አጋጁ ሉህ የሚነጠፈው በተዘቀዘቀው ላይ እንጂ በጠፍጣፋው ላይ አይደለም፤ ካልሆነ ውኃው ሉሁ ላይ ተኝቶ ይቀራል። መግቢያው ደፍ ላይ ከላይና ከውስጥ በኩል ምስማር አይመታበት፤ ለብዙ የበሰበሰ ደፍ ምክንያቱ ያ አንድ ምስማር ነው። ታይል ከመነጠፉ በፊት ማስወገጃውን በመፈተሻ ፊኛ ድፈኑና 2 ኢንች ውኃ ሙሉ፤ ከፍታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ምልክቱንም የታችኛውን ኮርኒስም ተመልከቱ።

ወለተ_አዲስ
ጠቃሚ ውይይት ነው። አዲስ አበባ ላለ ጭቃ ቤት ምን ትላላችሁ? ክፍሉ ወደ ሻወር ቤት ሊለወጥ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ ከመሬት ጋር የሚገናኙበት በስብሷል፣ ምስጥም አለ። ግንበኛው ግድግዳውን በሲሚንቶ መርገን ሴራሚክ እንለጥፍ ይላል።

አናጺ_በሜሪላንድ
እህቴ፣ በጭቃ ላይ የሲሚንቶ ምርጊትና ሴራሚክ አይሁን። ጭቃው በእርጥበት ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ምርጊቱ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ውኃ ማገሩንና ቋሚውን ተደብቆ ይበላል። ቋሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው መሬቱ ልክ ላይ ነው፤ እርጥበትና አየር አንድ ላይ የሚያገኘው እዚያ ነውና።
የሚሻለው ሻወሩን ራሱን የቻለ አድርጎ መሥራት ነው፤ የድንጋይ መሠረት፣ በላዩ ኮንክሪት፣ ከዚያ ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ፤ ከጭቃው ግድግዳ የማይደገፍ፣ በመሃሉ ክፍተት ያለው። የውኃና የፍሳሽ ቧንቧው በብሎኬቱ በኩል ወደ ውጭ ይውጣ እንጂ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ አይለፍ። የበሰበሱት ቋሚዎች ጣሪያው በሞራሌ ከተደገፈ በኋላ አንድ በአንድ ጤነኛው ድረስ ይቆረጡና ከመሬት ከፍ ባለ የኮንክሪት እግር ላይ በብረት ታስረው ይቀመጡ። የምስጡ የጭቃ መንገድ በኮንክሪቱ ላይ ሲወጣ ወዲያው እንዲታይ ዙሪያው በአፈር አይሸፈን።

የቧንቧ_ሰው
ወደ ሲልቨር ስፕሪንጉ ልመለስ፤ ፍላንጁና የመታጠቢያ ቤቱን እንፋሎት የሚያስወጣው ማራገቢያ ቀርተዋል።
ማራገቢያው በደቂቃ ቢያንስ 50 ኪዩቢክ ጫማ የሚስብ ይሁን። ቧንቧው 4 ኢንች፣ በጣሪያ ሥር የሚያልፈው በኢንሱሌሽን የተሸፈነ፣ ጫፉ ከቤት ውጭ። ጣሪያ ሥር የተለቀቀ እንፋሎት የጣሪያውን ሰሌዳ ነው የሚያበሰብሰው።
ፍላንጁ የሚገጠመው አዲሱ ታይል ከተነጠፈ በኋላ፣ በታይሉ ላይ ተቀምጦ ነው። በታይሉ በኩል ተበስቶ እስከ ኮምፔንሳቶው በማይዝግ ብሎን ይታሰር፤ ዙሪያው ሙሉ ክብ እንጨት ላይ ይረፍ። የድሮው ቧንቧ ብረት ከሆነና ፍላንጁ በእርሳስ የታሰረ ከሆነ ለባለሙያው ተዉት። መሃሉ ከኋለኛው ያለቀ ግድግዳ 12 ኢንች መሆኑን ታይል ከመቆረጡ በፊት ለኩ፤ ግድግዳው ላይ የተጨመረው ውፍረት ይበላዋል። መቀመጫው በደረቁ ሪንግ ሳይገባ ይቀመጥና ይፈተሽ፤ ከተነቃነቀ በፕላስቲክ ሽብልቅ ይስተካከል። ከዚያ አንድ ሪንግ ብቻ። ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት፤ አንዴ ሪንጉን ከነካ በኋላ ካነሳችሁት አዲስ ሪንግ ይገባበታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_68
በመቀመጫው ዙሪያ ሲሊኮን ይቀባ ወይስ አይቀባ? አንዱ ይቀባ ይላል፣ ሌላው አይቀባ ይላል።

የቧንቧ_ሰው
ፊትና ጎኑ ይቀባ፤ ከኋላ 3 ኢንች ያህል ክፍት ይተው። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ሪንጉ ሲያፈስ ውኃው መውጫ አጥቶ ወደ ወለሉ ይሰርጋል። ከኋላ ክፍት ከሆነ ታይሉ ላይ እርጥበት ይታይሻል፤ መቀመጫው ይነሣል፣ ሪንጉ ይቀየራል፣ እንጨቱ አይነካም።